በፓይትል ቤት የተቆረጠው አግዳሚ

ብራንደን፣ ማኒቶባ
ኖቬምበር 2 ቀን 1987

ለተከበሩ አክስት ሄስተር፣

ጤናዎ የተሟላ፣ ቤትዎም ሰላም እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ከገና ካርድ በቀር ተጻጽፈን ስለማናውቅ ማንነቴን ልግለጽ፤ የሌናርድ ኬሪጅ ልጅ ኮሊን ነኝ። የአባቴ አባትና የእርስዎ አባት የአጎት ልጆች ነበሩና አክስት ማለቴን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

ባለፈው ወር እንግሊዝ አገር ላይ የወረደውን አውሎ ነፋስ በሬዲዮ ሰማን። አባቴ በኦገስት ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም፤ ንግግሩም ይጎተታል። ዜናውን ከሰማ ወዲህ ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ፓይትል ቆሟል?» ይለኛል።

«አባዬ፣ አምስት መቶ ዓመት የቆመ ቤት በአንድ ቀን ነፋስ ይወድቃል እንዴ?» ስለው፣ «አንተ ምን ታውቃለህ፣ ትራክተር ሻጭ!» ብሎ ይቆጣኛል።

ስለዚህ እጠይቅዎታለሁ፤ ቤቱ ቆሟል? አንድ ሌላ ነገርም አለ። «ፎቁ ላይ ያለው በር አሁንም አለ ወይ ብለህ ጠይቃት» ብሎኛል። የትኛው በር እንደሆነ ስጠይቀው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እርስዎ ሳያውቁት አይቀሩም።

አክባሪዎ
ኮሊን ኬሪጅ


ፓይትል ቤት፣ ታርልስተን፣ ሳፎክ
ኖቬምበር 20 ቀን 1987

ውድ ኮሊን፣

ለአንተና ለባለቤትህ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። አባትህን እግዚአብሔር ይማርልህ።

ደብዳቤህ በአሥራ አንደኛው ቀን ደርሶኛል። የእጅ ጽሕፈትህ ይነበባል። ፖስታው ላይ ግን የመንደራችንን ስም አሳስተህ ጽፈሃል፤ ትክክለኛውን ከላይ ተመልከት። አርባ ዓመት ያስተማርኩ ሴት ስለሆንኩ አይቼ እንዳላየሁ ማለፍ አልችልም።

ቤቱ ቆሟል። ከጣሪያው ሰማንያ ሦስት ሸክላ ወርዷል፤ ቆጥሬዋለሁ። ከጓሮው አሮጌው የእንኮይ ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ የጎረቤቴ የሚስተር ጋሮድ አጥር ላይ ተጋድሟል። ጋሮድ መጥቶ፣ «ሚስ ኬሪጅ፣ ሁለታችንም ከዛፉ እንበልጣለን፤ እኛ እንዴት ቆምን?» አለኝ። እሱ ይበልጥ ይሆናል፤ እኔ ግን ከዛፉ አልበልጥም አልኩት።

ለአባትህ ንገረው፤ ቋሚዎቹ በቦታቸው ናቸው። በየመካከላቸው ያለው ማገርና ጭቃም፣ ከደቡብ ጥግ ትንሽ ከመርገፉ በቀር፣ ደኅና ነው። ጭቃው ሲረግፍ ውስጡ ያለው ጭድ ትናንት የታጨደ ይመስላል። በጸደይ አስመርጌ ኖራ አስቀባዋለሁ። በሲሚንቶ ይለሰን ያለኝን ሰው ከበር መልሼዋለሁ፤ ሲሚንቶ እንጨቱን አፍኖ ያበሰብሰዋል።

በሩ አለ።

እዚህ ብርዱ ቀድሞ ገብቷል። የቤቱን ፊት የሚያሳይ ፎቶግራፍ አብሬ ልኬአለሁ።

ሄስተር ኬሪጅ


ብራንደን፣ ዲሴምበር 9 ቀን 1987

ለተከበሩ አክስት ሄስተር፣

የመጪው ገና በጤናና በሙቀት የሚያልፍልዎ ይሁን። የመንደሩን ስም ዛሬ ሁለት ጊዜ አይቼ ጽፌአለሁ።

ፎቶግራፉን አባቴ በማጉያ መነጽር ይዞት ዋለ። ባለቤቴ ሾርባ አቅርባለት ቀዘቀዘ። ከዚያ ጠርቶኝ፣ «የሰሜኑ ግድግዳ ወደ ውጭ ገፍቷል። የጣሪያው ጠርዝ መሐል ላይ ወደ ውጭ ሆድ አውጥቷል፤ ይታይሃል?» አለኝ። ለእኔ አልታየኝም። «አይታይህም። ፎቅ ውጪና ቋሚው አናቱ ላይ ከአግዳሚው ምን ያህል እንደራቀ ለኪ በላት። በጣት ትለካ፤ ይበቃል» አለ።

አክስት ሄስተር፣ ይህን መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ አላውቅም። አባቴ ስለ ፓይትል ያወራን በሕይወቱ አንድ ጊዜ ነው። «የቤቱን መቀነት እኔ ቆረጥኩት፤ አጎቴ አባረረኝ፤ ልክ ነበር» አለን። ሌላ የለም። እዚህ መጥቶ አርባ ዓመት በእህል ጎተራ ስንዴ ሲመዝን ኖረ። መጋዝ በእጁ ይዞ አይቼው አላውቅም። እናቴ መደርደሪያ ፈልጋ ስትለምነው ጎረቤት ከፍሎ አሠራላት፤ ሰውየው ሲሠራ እሱ ከቤት ወጥቶ ሄደ። አናጢ እንደነበረ ያወቅሁት ሃያ ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው።

እባክዎ ይለኩለት።

አክባሪዎ
ኮሊን


ብራንደን፣ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1988

ለተከበሩ አክስት ሄስተር፣

በደኅና ከርመዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ለዲሴምበሩ ደብዳቤዬ መልስ ስላላገኘሁ የጻፍኩት ነገር አስቀይሞዎት ይሆን ብዬ ሠጋሁ። ካስቀየምኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አባቴ ፖስተኛው ሲመጣ በመስኮት ያያል። ባዶ እጁን ሲያልፍ፣ «በረዶ ይሆናል መንገዱን የዘጋው» ይላል። መንገዱ ከተጠረገ ሦስት ሳምንት አልፎታል።

ኮሊን


ፓይትል ቤት፣ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1988

ውድ ኮሊን፣

እናንተ ደኅና ሁኑልኝ። አላስቀየምከኝም። የዘገየሁት በራሴ ምክንያት ነው።

ለክቻለሁ፤ ሁለት ጣት ነው። የእኔ ጣት ቀጭን መሆኑን ለአባትህ ንገረው።

አባትህ ግድግዳው ገፍቷል ስላለ ወደ ወረዳው ጽፌ የታሪካዊ ቤቶች ሹሙ ሚስተር ፔቲት መጣ። ቱንቢ ይዞ ግድግዳውን ሁሉ እየዞረ ለካ። አብሮት የመጣው አናጢ ሬይ አልዱስ ይባላል። አባትህ ሙያ የተማረበት የአሮጌው አልዱስ የልጅ ልጅ ነው። እኔው ነኝ ማንበብ ያስተማርኩት፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ።

ፎቅ ላይ አግዳሚው ሁለቱን መኝታ ክፍሎች የሚያቋርጥበትን ቦታ ታውቀው እንደሆነ እንጃ። ቤቱ ሲሠራ ፎቅ አልነበረውም፤ ወለሉ ኋላ ስለገባ አግዳሚው በደረት ልክ ያልፍ ነበር። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ለማለፍ ሁላችንም ጎንበስ ብለን ነበር የምንሾልከው። ዛሬ እዚያ ቦታ ሰው ቀጥ ብሎ የሚያልፍበት በር አለ። ሬይ ደረጃውን እንደጨረሰ ቆመ።

«ኧረ በእግዚአብሔር! ሚስ ኬሪጅ፣ ይህን የቆረጠው የትኛው ደንቆሮ ነው?» አለ።

«ቋንቋህን አርም» አልኩት።

«እሺ፤ የትኛው የተከበረ ደንቆሮ ነው? ቀጥ አድርጎ ነው እኮ የቆረጠው፤ እጅ ያለው ሰው ነው። እጅ እያለው ጭንቅላት የት ሄደ? ሁለቱን ግድግዳዎች የሚይዛቸው እሱ ብቻ ነው። ቤቱ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሱሪውን በእጁ ይዞ ነው የቆመው! አያቴ ይህን ቢያይ ኖሮ!»

«አይቶታል» አልኩት።

ሚስተር ፔቲት እርሳሱን አውጥቶ፣ «መቼና በማን እንደተቆረጠ ቢታወቅ ለሪፖርቱ ይጠቅመናል» አለኝ። የሚታወቀውን ነገርኩት።

ሻይ ጠጥተው ሄዱ።

ሄስተር ኬሪጅ


ብራንደን፣ ማርች 4 ቀን 1988

ለተከበሩ አክስት ሄስተር፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ሁለት ጣት የሚለውን ስነግረው አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። «ከዚህ ይብሳል ብዬ ነበር» አለ። ቀጥሎ ደግሞ የለካው ሰውዬ ሥዕል ሠርቶ እንደሆነ ጠየቀ። ሥዕሉን ከነሪፖርቱ ቅጂ ቢልኩለት አልጋው ፊት ለፊት ልሰቅልለት ቃል ገብቻለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ኮሊን


ፓይትል ቤት፣ ማርች 28 ቀን 1988

ውድ ኮሊን፣

ለሁላችሁም ጤና ይስጥልኝ። የጠየቅኸውን ልኬአለሁ። ሥዕሉ ትክክል ነው።

ሄ. ኬ.


ብራንደን፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1988

ለተከበሩ አክስት ሄስተር፣

እንደምን ከርመዋል?

ሥዕሉን ሰቅዬለታለሁ። አባቴ በግራ እጁ እየጠቆመ ቋሚዎቹን አንድ በአንድ በስማቸው ጠራልኝ። እንጨቶቹ መጀመሪያ ሜዳ ላይ ተጋድመው እንደሚገጣጠሙ፣ በየመጋጠሚያው ላይ ቁጥር ተጭሮ እንደሚፈቱ፣ ከዚያ ቤቱ በሚቆምበት ቦታ እንደገና እንደሚገጠሙ አስረዳኝ። በአርባ አንድ ዓመቴ አባቴ ስለ ሥራ ሲያወራኝ የመጀመሪያዬ ነው። እንዲያበቃ አልፈለግሁም ነበር።

ቀጥሎ «ጽሑፉን አንብብልኝ» አለኝ። አነበብኩለት። እዚያ ላይ እንዲህ የሚል አለ፦ «አግዳሚውን በ1935 በቤቱ ውስጥ ያደገ ሌናርድ ኬሪጅ የተባለ የአናጢ ተለማማጅ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድና ያለ ድጋፍ ቆርጦታል።»

«ድገመው» አለኝ። ደገምኩት። «ያለ ምን?»

«ያለ ድጋፍ።»

በግራ እጁ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደ። ከዚያ፣ «ጻፍላት። የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ያንን ይተውት። ግን ባላ አቁሜ ነበር። ከኦክ የጠረብኩት፣ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያስገባሁበት ባላ። ባላ ሳያቆም አግዳሚ የሚቆርጥ አናጢ አናጢ አይደለም። ያችን አንዲት ቃል ብቻ ያርሙልኝ» አለ።

«ታዲያ ባላውን ማን ነቀለው?» አልኩት።

«እሱን ጻፍ አላልኩህም» አለኝ።

አክስት ሄስተር፣ በዚያ ጊዜ በቤቱ ውስጥ የነበሩ ዛሬ በሕይወት ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው አይናገርም። ስለዚህ እርስዎን እጠይቃለሁ።

ኮሊን


ፓይትል ቤት፣ ሜይ 3 ቀን 1988

ውድ ኮሊን፣

የሰላምታ ቃል ለመምረጥ ብዙ ተቀመጥኩ፤ የሚገባውን አላገኘሁምና ያለ ሰላምታ እጀምራለሁ። ይህን ደብዳቤ ለአባትህ ጮክ ብለህ እንድታነብለት እለምንሃለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ጥገናው። ሬይ አልዱስ ሁለት መንገድ አቀረበልኝ። አንደኛው በበሩ ዙሪያ የብረት ማሰሪያ አዙሮ በሩን እንዳለ መተው ነው። ሁለተኛው በተቆረጠው ቦታ አዲስ ኦክ አስገብቶ አግዳሚውን እንደነበረ መመለስ ነው። ያ ከሆነ በሩ ይዘጋል፤ እኔም በሰማንያ ዓመቴ በታመመ ዳሌ ጎንበስ ብዬ መሾለክ ስለማልችል ክፍሌን መልቀቅ አለብኝ። ኦኩን መርጫለሁ። አልጋዬ ወደ ምድር ቤት ወርዷል።

አሁን የቀረውን።

በ1935 የክርስትና እናቴ ባለመስተዋት ቁም ሣጥን አወረሰችኝ። አዲስ አስተማሪ ነበርኩ፤ ክፍሌ ውስጥ እንዲቆም ፈለግሁ። በአግዳሚው ሥር አላልፍ አለ። አባትህ፣ ሌን፣ ያን ጊዜ ሃያ ዓመቱ ነበር፤ ሙያውን ሊጨርስ ስምንት ወር ቀርቶት ነበር። ቁረጥልኝ አልኩት።

«ሄስተር፣ አይሆንም። ይህ የቤቱ መቀነት ነው» አለኝ።

«ፈራህ?» አልኩት። «አባቴን እኔ አስፈቅደዋለሁ። አንተ ቁረጥ።»

አላስፈቀድኩም። እሱ ግን አምኖኝ ቆረጠ። ከመቁረጡ በፊት ባላ አቆመ፤ ሥሩ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረበት። የቀረውን በብረት እስኪያስር ድረስ ማንም እንዳይነካው አስጠነቀቀኝ። ባላው መተላለፊያው መሐል ላይ ስለቆመ ቁም ሣጥኑ አሁንም አላልፍ አለ። ቅዳሜ እሱ ሥራ ላይ ሳለ መዶሻ ወስጄ ባላውን እኔ አወጣሁት። ቁም ሣጥኑ ገባ። ባላውን ሰኞ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር። ሰኞ ትምህርት ተከፈተ። ማሰሪያው ብረት ገና አልደረሰለትም፤ ክፍተቱ ላይም መጋረጃ ሰቅዬ ስለነበር ባላው አለመኖሩን አላየም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የመኸሩን ራት እየበላን ሳለ ግድግዳው ጮኸ። ከጣሪያው ልስኑ ወርዶ ገበታው ላይ ተከመረ። አባቴ ፎቅ ወጥቶ ተመለሰና «ማነው?» አለ። ሌን አየኝ። እኔ ሳህኔን አየሁ። «እኔ ነኝ» አለ። አባቴ «ውጣ» አለው። በማግስቱ አሮጌው አልዱስ መጥቶ የተቆረጠውን አየ፤ ባላ የለም። ሌንን፣ «ከእኔ ተማርኩ ብለህ ለማንም እንዳትናገር» አለው። ሌን ባላ ነበር ብሎ መናገር ይችል ነበር። ያን ቢናገር ቀጣዩ ጥያቄ ማን ነቀለው የሚል ነበር።

በፌብሩዋሪ ሚስተር ፔቲት ሲጠይቀኝ ለሁለተኛ ጊዜ ዕድል አገኘሁ። ማንም አላስገደደኝም፣ አባቴም ከሞተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። እንደገና ሌን ነው አልኩ። ያለ ድጋፍ የሚለውንም የተናገርኩት እኔ ነኝ። ቁም ሣጥኑን ነቀዝ በልቶት በ1952 በገዛ እጄ አቃጥዬዋለሁ።

ባለፈው ሰኞ ወደ ሚስተር ፔቲት ቢሮ ሄጄ ቃሌን ቀይሬ ፈርሜአለሁ። የታረመውን ሪፖርት ከዚህ ጋር ታገኘዋለህ። ለሬይም ነገርኩት። እየሳለ የነበረውን መሮ አስቀመጠ።

«እንግዲህ ደንቆሮ ያልኩት...» ብሎ አቋረጠ።

«እኔን ነው» አልኩት።

«አያቴ ከዚያ በኋላ ተለማማጅ አልያዘም፤ ያውቃሉ? አባቴን እንኳ ሌላ ሰው ነው ያስተማረው። 'አንድ ጎበዝ ልጅ አስተምሬ አበላሽቻለሁ፤ ይበቃኛል' ይል ነበር።» ከዚያ መሮውን አነሣ። «አሁን ከብርሃኑ ላይ ዞር ይበሉልኝ፣ ሚስ ኬሪጅ።»

ዞር አልኩለት።

ሄስተር ኬሪጅ


ብራንደን፣ ሜይ 25 ቀን 1988

አክስት ሄስተር፣

ደብዳቤዎን ለአባቴ ማንበብ ጀመርኩ። ብረት ወይስ ኦክ ወደሚለው ስደርስ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። «ኦኩን መርጫለሁ» የሚለውን እንዳነበብኩ እጁን አነሣ።

«በቃ» አለኝ።

«ገና ነው አባዬ፤ ሁለት ገጽ ይቀራል።»

«የቀረውን አውቀዋለሁ። እዚያው ነበርኩ።»

እኔ ግን አላውቀውም ነበር። ወጥ ቤት ገብቼ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ወጥቼ መኪና ውስጥ ተቀመጥኩ።

እውነቱን ልንገርዎ። አባቴ አልተቆጣም፤ የታረመችውን ቃል ብቻ አሳየኝ ብሎ በጣቱ ነካት። እኔ ግን ተቆጥቻለሁ። ያደግሁት ሁለት ጥሩ እጆቹን አጣጥፎ በተቀመጠ ሰው ቤት ነው። በልጅነቴ ወንበር ሲሰበርብኝ እንዳያይ እደብቅ ነበር፤ ሲያይ ያዝናል፣ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ይህን ለእርስዎ ምን ብዬ እንደምሰጥዎ አላውቅም። ለእኔ ለጊዜው አይጻፉልኝ።

ለእሱ ግን ይጻፉ። በስሙ ያድርጉት። ስለ ሥራው ይንገሩት፤ ፖስተኛውን ይጠብቃል። ሐኪሙ ሁለተኛው ስትሮክ ቢመጣ አይምረውም ብሎናል።

ኮሊን


ፓይትል ቤት፣ ጁን 9 ቀን 1988

ውድ ሌን፣

አግዳሚው ዛሬ ጠዋት ገባ። ከምድር ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰማሁት።

ሬይ አሮጌዎቹን ሁለት ጫፎች አልጣላቸውም። አዲሱን ኦክ መሐል አስገብቶ በረጅም መጋጠሚያ ከሁለቱም ጋር አያያዘው። ብረት አላስገባበትም፤ አሥራ ስድስት የእንጨት ችንካር ነው። አዲሱ እንጨት ገና እርጥብ ስለሆነ ከአሮጌው አጠገብ የዳቦ መልክ አለው፤ ሽታው ደረጃውን ወርዶ ወጥ ቤት ደርሷል። አያቱ ያደርግ እንደነበረው ቁጥሩን በመሮ ጭሮበታል። የገባበትንም ዓመት አብሮ ቀርጿል፤ ማንም ሰው የድሮ ነው ብሎ እንዳይታለል ነው አለኝ።

ግድግዳውን አሥር ቀን ቀስ እያሉ ስበውት አንድ ጣት ተመልሷል። ሌላውን አንድ ጣት ትተውታል። «አይመለስም?» ብዬ ጠየቅሁት። «በዚያው ደርቋል፤ ብናስገድደው ሌላ ቦታ ይሰነጠቃል» አለኝ። የመጨረሻውን ችንካር ሲመታ ከላይ ሆኖ፣ «ሚስ ኬሪጅ! ይህን ለሚስተር ሌናርድ ይጻፉለት፤ ባላውን አሁንም አላነሣሁትም፤ አንድ ዓመት ይቆያል!» ብሎ ጮኸ። ማንም እንደማይነካው ነገርኩት።

ከእንግዲህ በየረቡዕ እጽፍልሃለሁ። ባትመልስልኝም እጽፋለሁ።

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬዋለሁ። በሦስቱ ላይ ወጣት እንደነበርኩ፣ አባቴም ኃይለኛ እንደነበረ፣ አንተም ራስህ ዝም እንዳልክ ጽፌ ነበር። አንድ በአንድ ሰረዝኳቸው። ሁሉንም ሰርዤ ስጨርስ የቀረልኝ ይህ ነው።

ይቅር በለኝ፣ ሌን።

ሄስተር